ኮስቲያ ካውንቲ መሬት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ስለ ውሃው ጠይቁ

ዴንቨርና ኦሮራ ለምትኖሩ፣ እንዲሁም ከሌላ ግዛት ሆናችሁ በስልክ ብቻ መሬት ለመግዛት ለተዘጋጃችሁ ወገኖቼ፦ በደቡብ ኮሎራዶ፣ ኮስቲያ ካውንቲ ውስጥ «አምስት ኤከር፣ ያለ ባንክ፣ ያለ ክሬዲት ምርመራ፣ በወር ትንሽ ክፍያ» እየተባለ የሚሸጥ መሬት አለ። የሻጩን ስም አልጠቅስም፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ያንኑ ማስታወቂያ ይዞ ይመጣል።

ሻጩ ለእኛ ሰው የሚናገረውን በደንብ አስቦበታል። «ከፍታው እንደ አዲስ አበባ ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ካውንቲው ያለበት የሳን ሉዊስ ሸለቆ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ገደማ ይጀምራል። የቀረውን ግን አይናገርም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ በዚያው ሸለቆ ያለችው የአላሞሳ ከተማ የሚደርሳት ወደ 180 ገደማ ነው። በጃንዋሪ የሌሊቱ ብርድ በአማካይ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ውርጭ የማይመታበት ጊዜ ደግሞ ከሦስት ወር ብዙም አይዘልም። ጌሾ ይበቅላል ብሎ የነገራችሁ ካለ፣ ወይ ጌሾን አያውቅም ወይ ኮስቲያን አያውቅም።

ብርዱስ ይሁን፣ ለብሶ ይቻላል። ጉዳዩ ያለው ውሃው ላይ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ መሬት ስለገዛ ብቻ ውሃ የሚያገኝ የለም፤ የውሃ መብት ለብቻው የሚያዝ ንብረት ነው፤ ቅድሚያውም ቀድሞ ለተጠቀመ ይሰጣል። በካውንቲው ዋና ከተማ በሳን ሉዊስ ያለው የሕዝብ የመስኖ ቦይ መብቱ ከ1852 ጀምሮ የሚቆጠር ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የሪዮ ግራንዴን ወንዝ ደግሞ ኮሎራዶ በ1938 ስምምነት ከኒው ሜክሲኮና ከቴክሳስ ጋር ተካፍላዋለች። ዘንድሮ የሚገዛ ሰው የሚሰለፈው ከእነዚህ ሁሉ ኋላ ነው።

ጉድጓድ እናስቆፍራለን ለምትሉ፦ ከ35 ኤከር ባነሰ ይዞታ ላይ የሚገኘው ፈቃድ እንደ ደንቡ ለቤት ውስጥ ፍጆታ ብቻ ነው። ታበስላላችሁ፣ ትታጠባላችሁ፤ ከበር ወጥቶ ጎመን ማጠጣት ግን አይቻልም። በግ ማጠጣትም እንዲሁ። ያም ቢሆን ሽንሸናው ከጁን 1 ቀን 1972 በፊት ያልተመዘገበ ከሆነ ነገሩ የባሰ ይወሳሰባል፤ የአካባቢው መሬት አብዛኛው በዚያው ዘመን ገደማ በወረቀት ላይ ተሸንሽኖ የተሸጠ ስለሆነ የየቁራሹን ቀን ማጣራት ግድ ነው። የማውቃቸው ባልና ሚስት ይህን የሰሙት በግ ለማርባት ብለው ቀብድ ከከፈሉ በኋላ ነበር። ሻጩን ቢጠይቁት «ጉድጓድ መቆፈር ይቻላል ነው ያልኳችሁ» አላቸው። አልዋሸም፤ መቆፈር ይቻላል! የዝናብ ውሃ እናጠራቅማለን ካላችሁም፣ በ2016 የወጣው ሕግ ለመኖሪያ ቤት የፈቀደው ሁለት በርሜል፣ በድምሩ 110 ጋሎን ነው፤ 416 ሊትር ማለት ነው። የሚቀረው ውሃ በመኪና እያስጫኑ መኖር ነው፤ በርካታ ሰፋሪዎች የሚኖሩትም እንደዚያ ነው።

መንገዱንም በዓይናችሁ እዩት። በካርታ ላይ የተሰመረው ሁሉ መኪና የሚያስኬድ አይምሰላችሁ፤ በረዶ ሲወርድ የሚጠርግላችሁ መኖሩንም ካውንቲውን ጠይቁ። በተጎታች ቤት እየኖርን ቀስ ብለን እንሠራለን የምትሉ ደግሞ የፍሳሽ ማስወገጃና የግንባታ ፈቃድ ደንቡን አስቀድማችሁ አንብቡ።

ወደ ውሉ ስመጣ የሚያናድደኝ ይህ ነው። በየወሩ በሚከፈል ውል ስመ ሀብቱ የሚዛወረው የመጨረሻው ክፍያ ሲጠናቀቅ ነው፤ እስከዚያ ባለቤቱ ሻጩ ነው። ክፍያ ካቋረጣችሁ የከፈላችሁት ሁሉ እንደ ኪራይ ይቆጠራል የሚል አንቀጽ ያለበትን ውል በዓይኔ አይቻለሁ። በመጨረሻ የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ ኩዊት ክሌም የሚባለው ሰነድ ነው፤ ሻጩ «ያለኝን መብት ሰጥቻለሁ» ይላል እንጂ መብት እንዳለው ዋስትና አይሰጥም። ሻጩ ያንን ዋስትና የሚሰጥበትን ሰነድ፣ ዋራንቲ ዲድ የሚባለውን ጠይቁ፤ የባለቤትነት ታሪኩንም ገለልተኛ ድርጅት ይመርምረው። ዋጋው በእርግጥ ርካሽ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ የካውንቲውን የንብረት ገማች መዝገብ ተመልከቱ፤ ሻጩ መሬቱን በስንት እንደገዛው ብዙ ጊዜ እዚያው ይገኛል። ባዶ መሬት የሚከፍለው ግብር ከመኖሪያ ቤት በላቀ መጠን እንደሚሰላም አትርሱ።

የቁራሹን መለያ ቁጥር ሻጩ ሊሰጣችሁ ካንገራገረ ስልኩን ዝጉት። ከሰጣችሁ ደግሞ ወደ ኮሎራዶ የውሃ ሀብት መሥሪያ ቤት ደውሉና ምን ዓይነት የጉድጓድ ፈቃድ እንደሚገኝበት ጠይቁ። የፈረማችሁ ካላችሁ ውሉን ዛሬውኑ ለጠበቃ አሳዩ፤ በ1968 የወጣው የፌዴራል የመሬት ሽያጭ ሕግ ለአንዳንድ ትልልቅ ሽንሸናዎች ገዢ በሰባት ቀን ውስጥ ውሉን እንዲያፈርስ ይፈቅዳል። ሁሉንም ሻጭ አይመለከትም፤ የእናንተን ይመለከት እንደሆነ ግን ሰባቱ ቀን ሳያልቅ ነው መታወቅ ያለበት።