ትራክተሯ ከ14 ወር በኋላ፦ ሞተሯ ደህና ነው፣ ክላክሷ ሞቷል፣ ልጆቹስ?

ትራክተሯን የገዛኋት አምና ጥር ላይ ነው። ዛሬ የሰዓት ቆጣሪዋ 1,130 ይላል። 75 የፈረስ ጉልበት፣ ባለአራት ሲሊንደር፣ ባለሦስት ዲስክ ማረሻ አብሯት መጣ። የምንኖረው አርሲ ነው፣ ከአሰላ ብዙም አንርቅም። የራሳችንን ስንዴ ታርሳለች፣ ከዚያ ለጎረቤት በኪራይ ትወጣለች፣ በመኸር ደግሞ ተሳቢ ትጎትታለች። ማርካዋን አልጽፍም። ሻጮቹን ላሞግስም ላማርርም አልተነሳሁም፣ የምለው ነገር ደግሞ ለየትኛዋም ትራክተር ይሠራል።

ሰው ሲያገኘኝ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። ናፍጣ ትበላለች ወይ? መለዋወጫ ይገኛል ወይ? ልጆች ባሉበት ግቢ እንዴት ናት ብሎ የጠየቀኝ ግን እስካሁን አንድም ሰው የለም። እኔ ደግሞ በዚህ 14 ወር እንቅልፍ ያጣሁት በናፍጣ አይደለም።

የተለመዱትን ቶሎ ልመልስና ልለፍ። በእኛ አፈር ሲታረስ በሄክታር ከ20 እስከ 25 ሊትር ትጠጣለች። ለእኔ ደህና ነው። (ናፍጣ በጠፋ ሰሞን የሁሉም ሰው ትራክተር ቆጣቢ ናት።) የመጀመሪያውን ዘይት በ50 ሰዓት፣ ከዚያ በየ250 ሰዓቱ ከነፊልትሮው ቀይሬያለሁ። ፊልትሮ አሰላም አዳማም አለ። የማረሻው ኩሽኔታ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፣ ጥፋቱ ግራሶ የረሳሁት የእኔ ነው። በአጨዳ ወቅት ራዲያተሩን ገለባ ስለሚደፍነው በየቀኑ ማራገፍ አለባችሁ። ሞተሯ አንድም ቀን አላስቸገረችኝም።

ከሁሉ ቀድሞ የሞተው ክላክሱ ነው። በስምንተኛው ወር በተኑ ተበልቶ አለቀ። ስወስድለት መካኒኩ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ጋሼ፣ ይቺን ትራክተር ታክሲ ነው እንዴ የሚያሠሯት?» አለኝ። ታክሲስ አላሠራኋትም። ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቁ 13 ዓመቱ ነው፣ ማሙሽ 9፣ ትንሿ 6። ከእነሱ ሌላ የመንደሩ ልጆች አሉ፤ ስንት እንደሆኑ እንደ ቀኑ ይለያያል።

ልጅ ትራክተር ሲያይ ምን እንደሚሆን ለገጠር ሰው አይነገርም። ድምፁን ከሩቅ ይለየዋል፣ እንጀራውን በእጁ እንደያዘ ይሮጣል። አባቴም እንደዚያ ሮጧል። በንጉሡ ዘመን፣ ካዱ የሚባለው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት እዚህ አርሲ፣ ጭላሎ ሲገባ እሱ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። ትራክተሩ የገለበጠው ጓል ላይ እየወደቀ እየተነሳ እስከ ማሳው ጫፍ ይከተለው እንደነበር ሲያወራ አይሰለቸውም። ያው ትራክተር ነው ብዙ ጭሰኛ ያስነቀለው፣ የእሱን አባት ጨምሮ። ስለዚህ አባቴ የእኔን ትራክተር መጀመሪያ ቀን ሲያያት ሳቀ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ከዚያ «ክላክስ አላት?» ብሎ ጠየቀ። የክላክሱ በሽታ በዘር ነው የመጣው።

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልምጣ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እኔም ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው ነበር የማደርገው። ትንሿን በቀኝ ፓራፋንጎ (የኋላ ጎማው መከለያ) ላይ፣ ማሙሽን በግራ አስቀምጬ ማሳ ደርሼ እመለስ ነበር። ፎቶ ተነስተናል፣ ፎቶው ቨርጂኒያ ላለችው እህቴ ተልኳል፣ እሷም በልብ ምልክት ሞልታ መልሳዋለች።

ሚያዝያ ላይ፣ የበልግ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ከማሳ ስንመለስ መንገዱን የሚያቋርጥ ቦይ አለ። ትንሽ ናት፣ በእግር ብትሄዱ ትዘልሏታላችሁ። በዝግታ ነበር የምነዳው። የፊት ጎማው ገባ፣ ወጣ፣ ከዚያ የኋላው ወርዶ በአንድ ጎን ተነሳ። ትንሿ ከፓራፋንጎው ወደ ፊት ሾለከች። የሹራቧን ኮፍያ ያዝኩት። ኮፍያ ባይኖረው ምን እንደምይዝ አላውቅም። በአንድ እጄ እሷን፣ በአንድ እጄ መሪውን፣ ፍሪሲዮንና ፍሬኑን ባንድ ላይ ረግጬ እስክቆም ድረስ ትራክተሯ ሁለት ሦስት ሜትር ሄዳለች።

ስወርድ የቀኝ እግር ጫማዋ የለም። ኋላ ተመልሼ አየሁት። ቢጫ የፕላስቲክ ጫማ ነው። ጭቃው ውስጥ ተጋድሞ እንደ ወረቀት ሳስቷል፣ የጎማው ጥርስ ከጭቃው አልፎ ጫማው ላይም ታትሟል። የኋላው ጎማ ቁመቱ ደረቴ ጋ ይደርሳል። ማረሻው ተጭኖ ክብደቷ ሦስት ቶን ነው። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ደንግጣ መሰለኝ፤ ለካ «አዲስ ጫማዬ!» ብላ ነው።

ያን ቀን ማታ መመሪያ መጽሐፏን አውጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘይት ገጽ ያልሆነውን አነበብኩ። ከወንበሩ ጀርባ የቆመውን ወፍራም ብረት እስከዚያ ድረስ የጥላ ማሠሪያ አድርጌ ነበር የማየው። እንዲያውም ከተማ ያለ አንድ ጋራዥ «ቆርጬ ጥሩ ጣሪያ ልሥራልህ» ብሎኝ ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር። ብረቱ ትራክተሯ ብትገለበጥ ሾፌሩ እንዳይደቅቅ የቆመ ነው። አይቆረጥም፣ አይበየድም፣ አይበሳም። የሚሠራውም ወንበሩ ላይ ቀበቶ ላሰረ ሰው ብቻ ነው። በስስ ላሜራ የሚሠራው ጣሪያ ግን ፀሐይ ከመከልከል በቀር የሚያድነው ነገር የለም።

አንድ ነገር ገረመኝ። ካዱን ለአርሲ ያመጡት ስዊድኖች ናቸው። አዲስ ትራክተር ያለዚህ ብረት እንዳይሸጥ መጀመሪያ በሕግ የከለከለችውም ስዊድን ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1959። ብረቱ ከአባቴ ሩጫ ይቀድማል ማለት ነው። እኔ ዘንድ የደረሰው ጫማ ከጠፋ በኋላ ነው።

የብረቱን ነገር ስረዳ የፓራፋንጎው ነገርም አብሮ ገባኝ። ፓራፋንጎ ላይ የተቀመጠ ልጅ ከብረቱ ጥበቃ ውጭ ነው፣ ቀበቶ የለውም፣ የሚይዘው ነገር የለውም፣ ከሥሩ ጎማ ነው። «አጥብቄ ይዤዋለሁ» የሚባለው ደግሞ ሁለት እጁ ሥራ ለሌለው ሰው ነው። እንግሊዝ አገር ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ በእርሻ ትራክተር መጓዝም መንዳትም በሕግ ተከልክሏል። ድሮ ቢነግሩኝ ፈረንጅ አበዛው እል ነበር።

በነጋታው አዋጅ አወጣሁ። ትራክተሯ አጠገብ ማንም ልጅ ድርሽ እንዳይል! አዋጁ ስድስት ቀን ቆየ። በስድስተኛው ቀን ጤፍ ጭኜ ስመጣ አንድ ጎረቤት ከሩቅ እጁን እያወናጨፈ አስቆመኝ። ማሙሽና ሁለት ጓደኞቹ ተሳቢው ኋላ ላይ ተንጠልጥለዋል። ከየት ጀምሮ እንደተንጠለጠሉ እስካሁን አልነገሩኝም። ድሮ ቢያንስ የት እንዳሉ አያለሁ፤ ከለከልኳቸውና ከዓይኔ ሥር ጠፉ። ትራክተር ላይ ቁጭ ብላችሁ ከኋላ ጎማው አጠገብና ከማረሻው ጀርባ የቆመ የስድስት ዓመት ልጅ ፈጽሞ አይታያችሁም። እኔ ሚስቴን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ልጆቹን በዙሪያው እያቆምኩ ሞከርኩት። «አንዳቸውም አይታዩኝም» ስትል ሦስቱም ከእሷ ሁለት ሜትር አይርቁም ነበር።

አሁን የምንሠራበትን መላ ያመጣችው እሷ ናት። ግቢው ጥግ ግራር አለ፣ ሥሩ የወደቀ ግንድ አለ። ሞተር ከመነሳቱ በፊት የእኛም የጎረቤትም ልጅ ግንዱ ላይ ይቀመጣል። እኔ ዙሪያዋን አንድ ጊዜ በእግሬ እዞራለሁ፣ ከዚያ እቆጥራለሁ። «ስንት ናችሁ?» ስል በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። ቁጥሩ ከእኔ ቁጥር ካልገጠመ አላስነሳም። መጀመሪያ ሰሞን ሆን ብለው እያሳሳቱ አስቸገሩኝ። አሁን ጎደሎ ሲኖር ከእኔ ቀድመው የሚጮኹት እነሱ ናቸው። ከግንዱ ያለፈቃድ የተነሳ ልጅ ደግሞ እሁድ ያልፈዋል።

እሁድ የክላክስ ቀን ነው። ማረሻው መሬት ላይ ይወርዳል፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ ሞተር ይጠፋል። ማረሻው መውረዱ ለወግ አይደለም። ሞተር ጠፍቶም ቢሆን ተሰቅሎ ያደረ ማረሻ አንድ ልጅ የሃይድሮሊኩን እጀታ ቢነካ ዱብ ይላል፤ ከሥሩ እግር ካለ እግር ነው። ከዚያ ተራ በተራ ወንበሩ ላይ ይወጣሉ። ሦስት እግርና እጅ ሁልጊዜ ብረት እንደያዘ፣ ፊታቸውን ወደ ትራክተሯ አዙረው ይወጣሉ፣ እንደዚያው ይወርዳሉ። መሪ ያዞራሉ፣ መብራት ያበራሉ፣ ክላክስ ይነፋሉ። ማሙሽ ግራሶ ያስገባል፣ አሁን ከእኔ የተሻለ ያውቀዋል። ኩሽኔታ ሦስተኛ ጊዜ ያልተበላው በእሱ ነው። ሲያልቅ ቁልፉ ኪሴ ይገባል። ትራክተሯ ላይ ተሰክቶ የሚያድር ቁልፍ የለም።

ስለ ቁልፍ ካነሳሁ፣ ትራክተር ያላችሁ ሁሉ ይህን ፈትሹ። ፍሪሲዮን ካልተረገጠ ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ እንዳይዞር የሚያደርግ ትንሽ ስዊች አለ። ዓመት ሳይሞላ ይህ ስዊች ተበላሽቶ ትራክተሯ አልነሳ ብላኝ አንድ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። በአሥር ደቂቃ ሠርቶ ሰጠኝ፣ አመሰገንኩት። በኋላ ሳየው ስዊቹን ዘልሎ በሽቦ ነው ያገናኘው። ማለትም ማርሽ ውስጥ እያለች ቁልፍ የነካ ልጅ ያስነሳታል፣ ተነስታም ትሄዳለች። መሬት ላይ ቆሞ በካቻቢቴ ሞተሪኖ አገናኝቶ ማስነሳትም ያው ነው፤ ቆሞ የሚያገናኘው ሰው ከኋላው ጎማ ፊት ለፊት ነው ያለው። አዲስ ስዊች አስገባሁ። ዋጋው ከቢጫዋ ጫማ ብዙም አይበልጥም።

በፒቲኦው (ከትራክተሯ ኋላ ወጥቶ መውቂያውን በሚያዞረው ዘንግ) ግን ጨዋታ የለም፣ እሁድም የለም። መውቂያ ስናያይዝ ዘንጉ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል። በሰከንድ ዘጠኝ ማለት ነው። የነጠላ ጫፍ ወይም የታላቅ ወንድም ሰፊ ጃኬት ከነካው «አቁም» የሚለው ቃል ሳይወጣ ይጠቀልለዋል። ዘንጉ ላይ ያለው የፕላስቲክ መከለያ አንድ ጊዜ ተሰነጠቀብኝ፣ እስኪቀየር ድረስ ሥራ አቆምን። ሁለት ቀን ነው የጠፋብኝ፣ በአጨዳ ወቅት ሁለት ቀን ምን እንደሆነ ለሚያውቅ። በውቂያ ቀን ልጆች ግንዱም ላይ አይቀመጡም፣ አያታቸው ቤት ይሄዳሉ። ለውቂያ የሚመጡ ሴቶችንም ነጠላቸውን እንዲያስቀምጡ ነው የምለምነው። አንዳንዶቹ ይቆጡኛል። ይቆጡ።

በዓመቱ መጨረሻ አንድ ጎረቤቴ መጣ። የ14 ዓመት ልጁን ረዳት አድርጌ እንድይዝለት ፈለገ፤ ማረሻው ላይ ቆሞ ጭድ የሚያላቅቅ፣ በር የሚከፍት። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ቤቱም ገንዘቡን ይፈልገዋል። እምቢ አልኩት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር እንደሚከለክል ነገርኩት። እሱ ግን የሰማው እምቢታውን ብቻ ነው፣ ለሁለት ሳምንት ሰላምታ ቀነሰብኝ። እውነቱን ለመናገር 15 ቢሞላውም ማረሻ ላይ አላቆመውም። ማረሻ ላይ የሚቆም ሰው የለም።

የሚከብደኝ የራሴ ትልቁ ልጅ ነው። 13 ዓመቱ ነው፣ ጓደኞቹ ይነዳሉ፣ እሱም እንደሚችል ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ለጊዜው በአንድ ነገር ተስማምተናል። ጀርባው ወንበሩን ሳይለቅ፣ ቀበቶ እንዳሰረ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው መርገጥ መቻል አለበት። ባለፈው እሁድ ሞከረ። እስከ ግማሽ ይረግጣል፣ ከዚያ ቂጡ ወደ ፊት ይንሸራተታል። በድንገተኛ ጊዜ መቆም የሚፈልግ ሰው ቂጡ እየተንሸራተተ አይቆምም። በየወሩ እንለካለን። አሁን የግራና የቀኝ ፍሬን ፔዳሎችን አንድ ላይ ማያያዙን፣ ውሃና ዘይት መለካቱን፣ ዙሪያ መዞሩን ያለእኔ ይሠራል፣ ቁጥሩንም እሱ ነው የሚቆጥረው። የተኮራረፍንባቸው ቀናት አሉ።

መልሼ እገዛት ነበር ወይ? አዎ። በሞተሯ፣ በናፍጣዋ፣ በመለዋወጫዋ ቅር አላለኝም። አሁን የምገዛ ብሆን ግን ሻጩ ግቢ ከሞተሩ በፊት ሌላ ነገር ነው የማየው። መከላከያ ብረቱና ቀበቶው አብረው አሉ? ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ትነሳለች? የፒቲኦው መከለያ ሙሉ ነው? ስፔኪዮ አላት? የእኔዋ ሁለቱም ስፔኪዮዎች አልነበሯትም፣ ራሴ ነው ያስገባሁት።

የክላክስ በተን ደግሞ ሁለት አድርጋችሁ ግዙ። ያሁኗ ሦስተኛዋ ናት፣ ከገባች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው፣ ካሁኑ መንቀራፈፍ ጀምራለች። ባለፈው እሁድ አባቴም ተራ ይዞ ነበር።