«አንድ ብቻውን አይራባም» ተብሎ የሚሸጠውን ቢጫ ቀንድ አውጣ እንዳትገዙ

ባሕር ዳር ውስጥ የዓሳ ገንዳ ያላችሁ ሁሉ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

ጁስ ቤቴ ውስጥ ያለው ገንዳ መስታወቱ አረንጓዴ እየለበሰ አስቸገረኝና በቴሌግራም አንድ የቀንድ አውጣ ሻጭ አገኘሁ። መስታወት ያጸዳል፣ ተክል አይነካም ይላል። «ይራባል እንዴ?» አልኩት። «አንድ ብቻ ወስደህ ከማን ጋር ይራባል ወንድሜ?» ብሎ ሳቀብኝ። 900 ብር ከፍዬ አፉ በተቆረጠ ሃይላንድ ይዤው መጣሁ።

እውነቱን ለመናገር ያምራል። ሎሚ ያህላል፤ አየር ሲፈልግ ከጎኑ ቀጭን ቱቦ አውጥቶ ከውሃው በላይ ብቅ ያደርጋል። ደንበኛ ጁሱን ትቶ እሱን ያያል። ግን ሳምንት ሳይሞላ የገንዳው ሣር ግንዱ ብቻ ቀረ። ከዚያ አንድ ጠዋት ቤቱን ስከፍት፣ ከውሃው በላይ መስታወቱ ላይ እንደ ማሽላ ራስ እጅብ ያለ፣ ደማቅ ሮዝ ነገር ተለጥፏል። እንቁላል ነው! «እሱ» ስለው የከረምኩት እሷ ነበረች። ለካ ሴቷ አንዴ ከተጠቃች የወንዱን ዘር ለወራት ይዛ መቆየት ትችላለች።

ለገንዳ የሚመከረው ፖማሲያ ዲፉሳ የሚባለው ነው፤ እንቁላሉ ወደ ቡናማ ያደላል፣ ጤነኛ ተክልም ብዙ አይነካም። ለእኔ የተሸጠልኝ ፖማሲያ ካናሊኩላታ ነው። በቀለም እንዳትለዩ፣ ሁለቱም ቢጫ ይሆናሉ። የቅርፊቱ ጥምዝ ከጥምዝ የሚገናኝበትን እዩ፤ እንደ ቦይ ጠለቅ ብሎ ከተሰረጎደ ተዉት። ሻጩንም የእንቁላሉን ፎቶ ጠይቁት።

ደውዬ ብሬን ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ካልፈለግከው ጣና አጠገብህ አይደል፣ ልቀቀው።»

ብሩን ተውኩት፤ ይህን ያስጻፈኝ ይቺ ንግግር ናት። የዚህ ቀንድ አውጣ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ለምግብ ብለው ታይዋን አስገቡት፤ ገበያ ሲያጣ ውሃ ውስጥ ተለቀቀና የሩዝ ቡቃያ ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኬንያ፣ የምዌአ ሩዝ ማሳ ላይ ተገኝቷል። ከእኛ የሩዝ አገር ከፎገራ ስንት ሰዓት መንገድ ነው? ውሃው ቢደርቅ እንኳ ክዳኑን ዘግቶ ጭቃ ውስጥ ወራት ይቆያል። እንቦጩን ነቅለን ሳንጨርስ!

የገዛችሁ ካላችሁ፣ እንቁላሉን በጓንት ፋቁና ላስቲክ ውስጥ ጨፍልቁት፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ከቆየ ይፈለፈላል። የገንዳውን ውሃ ደረቅ አፈር ላይ ድፉት፣ ቦይ ውስጥ አይደለም። ቀንድ አውጣውን በላስቲክ አስራችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። የእኔዋም እዚያው ናት፤ የቤቴ ፍሪዘር እንጂ የጁስ ቤቱ አይደለም፣ ደንበኞቼ አትስጉ።