ቦጎታ ለጉዲፈቻ ስንሄድ ያረፍንበት ገስት ሀውስ፣ 4 ኮከብ ከ5

በቅድሚያ ይሄ ቤት ለቱሪስት አይሆንም። ቦጎታን ለማየት፣ ማታ ማታ ለመዝናናት ምናምን የምትሄዱ ከሆነ ቻፒኔሮ ወይ ኡሳኬን በኩል ደህና ደህና ሆቴል ሞልቷል፣ እዛ ሂዱ። ይሄን የምጽፈው ኮሎምቢያ ሄዳችሁ ልጅ ልትቀበሉ ወረቀታችሁን ጨርሳችሁ ቀን ለምትጠብቁ ነው፣ በተለይ ሀበሻ ለሆናችሁ፣ ምክንያቱም እኛ ልንሄድ ስንዘጋጅ በአማርኛ የተጻፈ አንድ መስመር እንኳን ፈልጌ አጥቻለሁ። የቤቱን ስም የማልጠቅሰው ባለቤትየዋ በኤጀንሲ በኩል የሚመጣ ቤተሰብ ብቻ ስለሚቀበሉ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ መዞርም አይፈልጉም። ኮሎምቢያ ላይ የሚሰራ ኤጀንሲ ካላችሁ ቴውሳኪዮ ሰፈር ያለውን ቀይ ጡብ ቤት በሏቸው፣ ያውቁታል።

"ለምን ከአገራችን አላደረጋችሁም" ለምትሉ (ሁሉም ሰው ነው የሚጠይቀኝ፣ ቅዳሴ አልቆ ጫማዬን ሳደርግ ሁሉ ተጠይቄያለሁ) ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 2018 የውጪ ጉዲፈቻን በህግ ዘግታለች፣ እኛ ደግሞ የያዝነው የአሜሪካ ፓስፖርት ነው። ኮሎምቢያ የሄግ ስምምነት (የአገር ለአገር ጉዲፈቻ ውል) ውስጥ ያለች አገር ናት፣ አሜሪካም ከ2008 ጀምሮ አለችበት፣ ስለዚህ መንገዱ ቢረዝምም የታወቀ ነው፣ ሆም ስተዲ (ቤታችሁንና ኑሯችሁን የሚያጠኑበት)፣ አሻራ፣ አይ 800 ኤ (ለአሜሪካ መንግስት የሚገባ የጉዲፈቻ ማመልከቻ)፣ ትርጉም፣ ማህተም፣ መጠበቅ፣ እንደገና መጠበቅ። ጨቅላ ህፃን ግን አትጠብቁ። ትንንሾቹ መጀመሪያ ለራሳቸው ለኮሎምቢያውያን ነው የሚሰጡት፣ ለኛ አይነቱ የሚደርሰው ከፍ ያለ ልጅ ወይ እህትማማችና ወንድማማች አንድ ላይ ወይ የጤና ክትትል የሚያስፈልገው ነው። የኛ 8 አመቱ ነው።

እዛ ስትሄዱ ባልም ሚስትም መገኘት አለባችሁ። ከልጁ ጋር የሚያገናኟችሁ ቢየኔስታር ፋሚሊያር የሚባለው የመንግስት መስሪያ ቤት ውስጥ ነው፣ እነሱ ኤንኩዌንትሮ ይሉታል፣ እና የዛኑ ቀን ልጁ ቦርሳውን ይዞ አብሯችሁ ወደ ማረፊያችሁ ይመጣል። አዎ የዛኑ ቀን። ከዛ የነሱ ባለሙያዎች መላመዳችሁን አይተው ወረቀት ይሰጣሉ፣ ጠበቃው ፋይሉን ለቤተሰብ ዳኛ ያስገባል፣ ውሳኔ፣ አዲስ የልደት ወረቀት፣ ፓስፖርት፣ ሀኪም፣ ቪዛ። ሳምንታት ይፈጃል፣ እኛ ከወር በላይ ቆይተናል። ቀለም ቀብታችሁ አልጋ ገጣጥማችሁ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያዘጋጃችሁት ክፍል ለልጁ ሁለተኛ ቤት ነው፣ የመጀመሪያው ይሄ ማረፊያ ነው። ለዛ ነው ይሄን ያህል የምዘረዝረው።

አሁን ወደ ቤቱ። ባለቤትየዋ፣ ሴኞራዋ፣ ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ብዙ የማያወሩ ሴት ናቸው። ልጃችን ስፓኒሽ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ የኔ ስፓኒሽ ደግሞ ከስልክ አፕ የተለቀመ ነው፣ ባለቤቴማ ግራሲያስ ላይ ያበቃል። እና ልጁ ውሀ ሲጠማው፣ ሆዱን ሲያመው፣ ካልሲው ሲጠፋበት ቀጥ ብሎ ወደ ማን ይሄዳል? ቋንቋው ወደሚገባት ሴትዮ ነዋ። እሳቸው ደግሞ ፈገግ ብለው "ፕሬጉንታሌ አ ቱ ማማ" ነው የሚሉት፣ እናትህን ጠይቃት። በቃ። አንድ ጊዜ የውሀ ጆግ እጃቸው ላይ እያለ ውሀ ጠየቃቸው፣ ብርጭቆውን ሞሉና አልፈውት መጥተው እኔ እጅ ላይ አስቀመጡት፣ ከኔ እጅ እስኪወስድ ቆመው አዩና ወደ ስራቸው ሄዱ። ባለቤቴ "እኚህ ሴትዮ ልጅ አይወዱም እንዴ?" ብሎኛል። ኋላ ነው የሰማነው፣ ለካ እሳቸው ራሳቸው ለብዙ አመት የመንግስት አሳዳጊ እናት ነበሩ፣ ማድሬ ሱስቲቱታ የሚሏቸው፣ ልጅ አሳድገው አሳድገው ለማያውቁት ቤተሰብ አስረክበዋል። ልጁ ማን ጋ መለመድ እንዳለበት ከማንም በላይ ያውቃሉ።

የኪችኑ በር ላይ በሶስት ቋንቋ የተለጠፈ ህግ አለ፦ የሌላ ቤተሰብ ልጅ አታቅፉ፣ አታጉርሱ፣ ስጦታና ጣፋጭ አትስጡ። መስጠት ከፈለጋችሁ ለወላጁ ስጡ። ጎናችን የነበሩት ጣሊያኖች (ጣሊያኖች እዛ በጣም ይመጣሉ) እንደ ትራፊክ ህግ ነው የሚያከብሩት። ለኛ ለሀበሾች ግን እውነቱን ልናገር ይከብዳል። እኛ ልጅ ስናይ መሳም፣ መጎንተል፣ ማጉረስ ነው፣ እማዬ አዲስ አበባ ሆና ዋትስአፕ ላይ ዘመድ አዝማዱን ሰብስባ ሳሎን ሞልተው "አሳዪን፣ ወደዚህ አዙሪው፣ ምን ይላል፣ አማርኛ አስተማርሽው?" ሲሉ ልጁ ጠረጴዛ ስር ሊገባ ምንም አልቀረው። "እማዬ የቤቱ ህግ ነው አይፈቀድም" አልኳት። ህጉ ስለ ቪዲዮ ኮል ምንም አይልም ግን የሚሰራበት ነገር ተገኝቶ። እሷም "የማን ቤት ነው ደግሞ እስር ቤት ነው?" ብላ ተቆጥታ ዘጋችው፣ በማግስቱ ብቻዋን ደወለች፣ ያኔ ቀስ ብለው እጅ ተወዛወዙ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ልጃችን ምግብ ይደብቅ ነበር። ትራስ ልብሱ ውስጥ ግማሽ አሬፓ (የበቆሎ ቂጣ)፣ ጫማው ውስጥ ዳቦ። በየቤቱ ሲዞሩ የኖሩ ልጆች ላይ የሚታይ ነገር መሆኑን ስልጠናው ላይ ነግረውናል ግን ስታዪው ሌላ ነው፣ ሆድ ይበላል። ሴኞራዋ አንሶላ ሲቀይሩ አገኙት መሰለኝ፣ ምንም አላሉም፣ ለኔም አላሉም፣ ከሰአት ስንመለስ ክፍላችን ውስጥ ሙዝና ዳቦ የተሞላ ሰፌድ የመሰለ ነገር አልጋው አጠገብ ተቀምጧል። በየቀኑ ጎድሎ ከሆነ ይሞላል። ሊሄድ ሲል አካባቢ ትራሱ ንፁህ ነበር፣ አንዳንድ ቀን ግን አሁንም ኪሱን እፈትሻለሁ።

ሁሉም ቀን ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም ኧረ። ከቀድሞ አሳዳጊው ጋር በስልክ ያወራ ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ጮኸ፣ አለቀሰ፣ ጫማውን ወደታች ወረወረ፣ ባለቤቴ ሶስት ደረጃ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ጫማውን እየተቀበለ ከጎኑ እየደረደረ ዝም አለ። ሆቴል ቢሆን ሴኩሪቲ ይመጣ ነበር። እዚህ ሴኞራዋ ኪችን ገብተው ሬድዮኑን ከፍ አደረጉት፣ ሌሎቹ እንግዶች እንዳይሰሙ፣ በቃ ሌላ ማንም ብቅ አላለም። እራት ሰአት ላይ ጫማዎቹን ራሱ መጥቶ ወሰደ፣ ከባለቤቴ ጎን ተቀምጦ አደረጋቸው። ከዛ ቀን በኋላ ነው ልጁ ሊተኛ ሲል በሩ ላይ የሚጠብቀው ባለቤቴን የሆነው።

ኪችኑ ለእንግዳ ክፍት ነው፣ ይሄ ለኔ ከሁሉም በላይ ነው፣ ምግብ ራሳችሁ ሰርታችሁ ራሳችሁ ማቅረብ ትችላላችሁ። ቁርስ የነሱ ነው፣ አሬፓ፣ እንቁላል፣ ትኩስ ቸኮላት ከነአይቡ (አይቡን ቸኮላቱ ውስጥ ነው የሚከቱት፣ አትሳቁ ቅመሱት)። ቅዳሜ ቅዳሜ አሂያኮ ይሰራሉ፣ ሶስት አይነት ድንች፣ ዶሮና በቆሎ ያለበት ወፍራም ሾርባ፣ ለአዲስ አበባ ልጅ ክረምት ላይ የሚመኘው ነገር። እኔ ሽሮና በርበሬ ይዤ ሄጃለሁ። የቦጎታ ሰው የሚያቃጥል አይበላም፣ ልጁ የመጀመሪያዋን ጉርሻ እንደቀመሰ "ፒካ! ፒካ!" (ያቃጥላል) ብሎ ቤቱን ዞረው፣ ከዛ አልጫ አደረግኩለት፣ እንጀራ በሌለበት በአሬፓ እየጠቀሰ ድስቱን ጠረገው። አሁንም ሜሪላንድ ሽሮ ስሰራ አሬፓ የት አለ ነው የሚለው። ቡናቸውን በተመለከተ ግን ዝም ብል ይሻላል፣ ቲንቶ የሚሉት ነገር የዚያን ሁሉ ቡና አገር ስም አይመጥንም።

ፓሎኬማኦ ገበያ ቅርብ ነው፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ምክንያቱም እዛ አዋቂው እሱ ነው። እኛ ፍሬዎቹን አናውቃቸውም፣ ሉሎ፣ ጓናባና፣ ግራናዲያ። ግራናዲያዋን ባለቤቴ በቢላ ሊቆርጥ ሲል ልጁ ነጠቀው፣ በአውራ ጣቱ ጫን ብሎ ቅርፊቷን ቀጭ አደረጋት፣ ቆብ እንደማውለቅ ከላይ ገለጠና ውስጡን ከነፍሬው ምጥጥ አድርጎ ጠጣው፣ ከዛ አንድ ለባለቤቴ ሰጥቶ እጁን ይዞ አውራ ጣቱን የት ማድረግ እንዳለበት አሳየው። ሲሳሳትበት የሳቀው ሳቅ! እንደዛ ሲስቅ ያኔ ነው ያየሁት።

ሰፈሩ ፀጥ ያለ ነው። ሲሞን ቦሊቫር ፓርክ ሩቅ አይደለም፣ የአሜሪካ ኤምባሲም እንደዛው። እሁድ እሁድ ሲክሎቪያ አለ፣ ከ1974 ጀምሮ የቆየ ነገር ነው፣ ከጠዋቱ አንድ ሰአት እስከ ከሰአት ስምንት ሰአት (በኛ አቆጣጠር) ከ120 ኪሎሜትር በላይ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ህዝቡ በሳይክልና በእግሩ ይወጣል፣ ነፃ ነው፣ ቋንቋ አያስፈልገውም፣ ከልጅ ጋር የሚያግባባ እንደሱ የለም። ከተማዋ 2,640 ሜትር ላይ ናት፣ ከአዲስ አበባ ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ቆላ የለመደ ሰው ራሱን ሊያመው ይችላል፣ ስለዚህ ሞንሴራቴ የሚባለውን ተራራ መጀመሪያ ሳምንት ላይ አትውጡ።

የወረቀት ጉዳይ በቤቱ በኩል የሚያስጨርስ ሰው አለ፣ ጎበዝ ነው። እዚህ ጋ አንድ የሚያስቅ ነገር፣ አሜሪካ ውስጥ እኔና ባለቤቴ ላስት ኔማችን ስለማይመሳሰል የማናብራራበት ቢሮ የለም፣ ኮሎምቢያ ግን ሴት ስታገባ ስሟን ስለማትቀይር ማንም አልጠየቀንም። ልጁ ደግሞ እንደነሱ ደንብ ሁለት የቤተሰብ ስም ወሰደ፣ አንዱ የአባቱ፣ አንዱ የኔ። የሁለቱም ወንድ አያቶቹ ስም ልደት ወረቀቱ ላይ ተደርድሯል። አባቴ ፎቶውን ሳሳያቸው መነፅራቸውን አድርገው ስማቸውን በስፓኒሽ ፊደል አነበቡና "እኔንም አስገባችሁኝ?" አሉ፣ ቀኑን ሙሉ ለጎረቤት ሲያወሩ ዋሉ።

አንዷን ኮከብ ለምን ቀነስኩ? ሻወሩ። ታች ኪችን ውስጥ ሰው ሙቅ ውሀ ከከፈተ ላይኛው ፎቅ በረዶ ይወርድባችኋል፣ ሳሙና ተቀብታችሁ እየጮሃችሁ ትጠብቃላችሁ። ማሞቂያ የለም፣ ማታ ይበርዳል፣ ወፍራም ሹራብና የልጅ ፒጃማ ያዙ። ዋይፋዩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይቆራረጣል፣ ከቤት ልሰራ ብላችሁ እንዳታስቡ። ሹፌራቸው ሰው ጥሩ ነው ግን ሰአት አያውቅም፣ በዛ ላይ ቦጎታ ፒኮ ይ ፕላካ የሚባል ህግ አለ፣ በታርጋ ቁጥር እየተፈረቀ የማይነዳበት ቀን አለው፣ የቪዛ ቀጠሯችን ቀን የሱ ታርጋ የሚቆምበት ሆኖ ጠዋት ነው የነገረን፣ በታክሲ እየተሯሯጥን ደረስን። ቀድማችሁ ጠይቁት።

ዋጋው ልጅ ጨምሮ ከደህና ሆቴል በጣም ያንሳል፣ በሳምንት ነው የሚከፈለው፣ ጥሬ ፔሶ ይመርጣሉ። ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ ሪፈራል (የተመደበላችሁ ልጅ መረጃ) እንደተቀበላችሁ ወዲያው አስይዙ፣ የበረራ ቀን እስኪቆረጥ አትጠብቁ፣ ቀን ቢለወጥ አይቀጡም። ታህሳስ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ የኮሎምቢያ ፍርድ ቤቶች በፈረንጆቹ ከታህሳስ 20 እስከ ጥር 10 ይዘጋሉ፣ ፋይላችሁ ከዛ በፊት ካላለቀ ገናን እዛው ነው የምታሳልፉት። ከኋላ በኩል ያለውን፣ በውስጥ በር ከትንሿ ክፍል ጋር የሚገናኘውን ክፍል ጠይቁ፣ ልጁ የራሱ አልጋ ይኖረዋል፣ በሩም ክፍት ሆኖ ያድራል።