የመካከለኛው ዘመን የውጊያ ትርኢት፦ በመድረክ ወይስ በሜዳ?

በአውሮፓ የመካከለኛው ዘመን ፌስቲቫሎች ላይ በበጎ ፈቃድ ሰይፍ ለሚመዝ ሰው ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንደኛው ምት በምት የተጠና የመድረክ ፍልሚያ ሲሆን ሌላው ብዙ ሰው የሚሰለፍበት የጦር ሜዳ ትርኢት ነው። በመድረኩ ፍልሚያ ተጋጣሚዎቹ እያንዳንዱን ምት በቃላቸው ይይዛሉ፤ ከመሰንዘራቸው በፊት ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፣ ርቀታቸውንም ይጠብቃሉ፤ የምቱን ኃይል ለተመልካች የሚያሳየው ሰይፉ ሳይሆን የተመቺው ትወና ነው። ተመልካቹ ቅርብ ስለሆነ የፊት ገጽታ ሳይቀር ታሪክ ይናገራል፤ በእኔ እምነት የሙያው እውነተኛ ጥበብ ያለው እዚህ ነው።

በአንጻሩ፣ የፖላንድና የሊትዌኒያ ጦር እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 1410 የቴውቶን ባላባቶችን (የጀርመን መስቀላውያን ተዋጊዎች ማኅበርን) ድል ያደረገበት ውጊያ በየበጋው በሚዘከርበት፣ ፖላንድ ውስጥ በሚገኘው በግሩንቫልድ ሜዳ፣ አስቀድሞ የሚታወቀው አሸናፊው ነው እንጂ በግርግሩ መካከል የሚሰነዘረው እያንዳንዱ ምት አይደለም። ስለዚህ ደኅንነቱ የሚጠበቀው በጋራ ደንብና በደነዘዘ የጦር መሣሪያ ነው። ሙሉው የብረት ጥሩር ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ስለሚችል፣ እርሱን ለብሶ በፀሐይ መቆም ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

ለጀማሪ የምመርጠው መድረኩን ነው፤ እጅን መግታት በዝግታ የሚለመደው እዚያ ነውና።