ለድሬ እራት ሽሮ ይሻላል ወይስ ፓስታ?

ድሬዳዋ ሲመሽም ሙቀቱ ቶሎ አይለቅም፤ እሳት ዳር ብዙ መቆም ይከብዳል። እኛ ቤት እራት ወይ ፓስታ ነው ወይ ሽሮ።

ፓስታ ውሃው ከፈላ 10 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ልጆችም ይወዱታል። ግን ከነጭ ዱቄት ስለሚሠራ ፋይበሩ ትንሽ ነው። ከቀፊራ ገበያ ካሮትና ቆስጣ ገዝቼ ስጎው ውስጥ እከትፍበታለሁ።

ለእኔ ሽሮ ይበልጣል። ከሽምብራ፣ ከአተር ወይም ከባቄላ ስለሚዘጋጅ ፕሮቲንም ፋይበርም አለው፤ ከጤፍ እንጀራ ጋር ደግሞ ፕሮቲኑ ይሟላል። የሚያበላሸው ዘይትና ጨው ሲበዛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም! ስለዚህ ሽንኩርቱን በትንሽ ውሃ አቁላላለሁ፤ ዘይቱንም በማንኪያ ለክቼ ነው የምጨምረው። ጎኑ የቲማቲም ሰላጣ በቃሪያ ካለ ሌላ አያስፈልገንም።