ነርሲንግ ወይስ ፋርማሲ? ለወሎ ተማሪዎችና ወላጆች

የ12ኛ ክፍል ውጤት ሰሞን ደሴ ውስጥ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ «ልጅቱ ምን ትግባ?» መባሉ አይቀርም። የሕክምና ውጤት ለጥቂት ላመለጣት ደግሞ ነርሲንግና ፋርማሲ ጎን ለጎን ይቀርቡላታል። እኔ ማስተርሴን የሠራሁ ነርስ ነኝ፤ ታናሽ እህቴ ፋርማሲስት ናት። ሁለታችንም እዚሁ ወሎ እንሠራለን፤ ምሳ ላይ የምናነሳው ይኸው ስለሆነ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ዲግሪ ነርሲንግ 4 ዓመት፣ ፋርማሲ 5 ዓመት ነው። ሁለቱም የመውጫ ፈተና አላቸው፤ ከዚያም የሙያ ፈቃድ ለማግኘት የብቃት ምዘና ይከተላል። ማስተርስ በሁለቱም በኩል 2 ዓመት ይፈጃል። የአንድ ዓመት ልዩነት ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ደላንታ ላይ ምስርና ጤፍ ሸጦ ልጁን ለሚያስተምር አባት ግን ከባድ ነው።

ዋናው ልዩነት የሥራው ጠባይ ነው። ነርስ ከሕመምተኛው ጋር ይውላል፣ ያድራል። ሌሊት ዱቲ ላይ ሐኪሙ ተጠርቶ እስኪደርስ ክፍሉን የምትጠብቀው ነርሷ ናት። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ አደጋ ነው። ይህን ሙሉ ደቂቃ ቆጥራ የምትለየው፣ ኦክስጅን የምታያይዘው፣ እናቲቱን «አብሽሪ» የምትላት እሷ ናት። ሲነጋ የአንዷ እናት ዱዓ፣ የሌላዋ «እመብርሃን ትጠብቅሽ» እስከ ቤት ይከተላታል። ይህን በምንም አልለውጠውም። ወገብ ግን ይጎዳል፣ እንቅልፍ ይዛባል። ልጆቼ አያታቸው ጋር ያደሩባቸውን ሌሊቶች ቆጥሬ አልጨርሳቸውም።

እህቴ ደግሞ ከመስኮት በስተጀርባ ናት። ሰው መድኃኒት አንስቶ መስጠት ብቻ ይመስለዋል። አንዲት የቲቢ ሕመምተኛ ሪፋምፒሲን ልትወስድ ስትመጣ የወሊድ መከላከያ ክኒን ትወስድ እንደሆነ የምትጠይቃት እህቴ ናት፤ መድኃኒቱ የክኒኑን ኃይል ያዳክመዋልና። የሕፃን መጠን ከኪሎው ጋር አልገጥም ሲላት ማዘዣውን ለሐኪሙ ትመልሳለች፤ ለዚህ ቁጣም ደርሶባት ያውቃል። ከዚያ ስቶር አለ፦ ቢን ካርድ (የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ)፣ ሞዴል 19 (የገቢ ደረሰኝ)፣ ሞዴል 22 (የወጪ ደረሰኝ)፣ በየሁለት ወሩ የሚላክ የመድኃኒት መጠየቂያ ሪፖርት። ቆጠራ ላይ አንድ ካርቶን ቢጎድል ተጠያቂዋ እሷ ናት። ነርስ የተሳሳተችውን ብዙ ጊዜ በዓይኗ ታየዋለች። የፋርማሲስት ስህተት ግን ከሰውየው ጋር ወደ ኩታበር ተሳፍሮ ይሄዳል። እህቴን እንቅልፍ የሚነሳት ይኸው ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የወሎ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ሲዘረፉ የሁለታችንም ሥራ ምን ያህል የተሳሰረ እንደሆነ አየነው። መደርደሪያው ባዶ ከሆነ የነርስ እጅም ባዶ ነው።

ስለ «ከፍተኛ ነርሲንግ»፣ ማለትም ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ስላለው የነርስ ሥልጠና፣ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። አሜሪካ ያለ ነርስ ፕራክቲሽነር በማስተርስ ወይም በዶክትሬት ሠልጥኖ፣ እንደየግዛቱ ሕግ ራሱ መርምሮ መድኃኒት ያዛል። ዘመድ በስልክ የሚነግራችሁ ስለዚያ ነው። እዚህ በጽኑ ሕሙማን፣ በሕፃናት ወይም በአእምሮ ጤና ማስተርስ የያዘ ነርስ በአብዛኛው የክፍል ኃላፊ ወይም መምህር ይሆናል። መርምሮ ማዘዙን ከፈለጋችሁ ጤና ጣቢያ ላይ ያለ ነርስ በመመሪያው መሠረት የታመሙ ሕፃናትን ያክማል፤ ለዚያ ማስተርስ አይጠየቅም። በፋርማሲ በኩል ክሊኒካል ፋርማሲ የተማረ ከሐኪሞች ጋር ዋርድ (የተኙ ሕሙማን ክፍል) ይዞራል፤ አልጋ አጠገብ መሥራት ለሚወድ ፋርማሲስት ደስ የሚል መንገድ ነው።

ገንዘቡስ? ነርስ ከደሞዟ ሌላ የዱቲ ክፍያ ታገኛለች፣ እሱም በድካሟ ነው። ፋርማሲስት ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ላይ የራሱን ፋርማሲ መክፈት ይችላል፣ መነሻ ካፒታል ካለው። ከሌለው የሚመጣበትን ፈተና አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ፈቃዱን ለባለሱቅ አከራይቶ ቤቱ መቀመጥ። በእሱ ስም ማንም ያልሠለጠነ ሰው መድኃኒት ሲሸጥ የሚጎዳው የሠፈሩ ሕፃን ነው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፣ አሁንም ያመኛል። ልጃችሁ ፋርማሲ ከገባ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራችሁ ንገሩት።

ውጭ አገር ለሚያስብ የነርስ መንገድ አጠር ይላል፤ አሜሪካ ዋናው ፈተና ኤንክሌክስ የሚባለው የነርሶች የፈቃድ ፈተና ነው። ፋርማሲስት መጀመሪያ የአቻነት ፈተና፣ ከዚያ የልምምድ ሰዓት፣ ከዚያ የፈቃድ ፈተናዎች ይጠብቁታል። የ5 ዓመቱ ዲግሪ እዚያ ላይ ይጠቅመዋል፤ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተመረቀ ሁሉ ቢያንስ የ5 ዓመት ሥርዓተ ትምህርት ይጠየቃልና።

ባለፈው የአክስቴ ልጆች መጥተው ሁለቱም ጠየቁኝ። ልጅቱ ሒሳብ ስትሠራ ሦስቴ የምታጣራ፣ እንቅልፍ ካጣች የምትታመም ናት፤ ነርስ ሆኜ ሳለሁ ፋርማሲ አልኳት። ወንድሟ ሽባ የሆኑ አያቱን ሁለት ዓመት ሙሉ ያገላበጠ፣ ያጠበ፣ ሳይማረር ያጎረሰ ልጅ ነው። «ወንድ ልጅ ነርስ ይሆናል ወይ?» አለችኝ እናቱ። እትዬ፣ አልኳት፣ እማማን ያስታመመ እጅ እኮ ግማሹን ትምህርት ጨርሶታል።