ጎርጎራ ወይስ ባሕር ዳር? ከመጀመሪያ ልጅ በፊት ወደ ጣና

ከጎንደር ለሚነሡ ባልና ሚስት ጎርጎራ ይቀርባል፤ በአዘዞና በቆላ ድባ በኩል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ዳር 180 ይጠጋል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፦ ነፍሰ ጡር ብዙ ሰዓት ስትቀመጥ እግሯ ያብጣል፣ ደም የመርጋት ዕድሉም ይጨምራል። በየሰዓት ተኩሉ ወርዳ ትራመድ፤ የመኪናው ቀበቶ ከሆዷ በታች፣ ዳሌዋ ላይ ይታሰር።

ለደሴት ግን ባሕር ዳር ይበልጣል። እንጦስ ኢየሱስ ቅርብ ነው፣ ሴትም ትገባለች። ጎረቤቱ ክብራን ገብርኤል የወንድ ብቻ ነው (ባል ገብቶ ሚስት ጀልባ ላይ ስትጠብቅ ምን ዕረፍት አለ?)። የእቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴ ያምራል፤ የጀልባው መንገድ ስለሚረዝም ከወሊድ በኋላ ይደረስበታል።

ጀልባው ጠዋት ይነሣ፤ ከሰዓት ነፋሱ ማዕበል ያስነሣል። የፊቱ ወንበር ያንገጫግጫል፣ ወደ ኋላ ይሻላል። የመንሳፈፊያ ጃኬቱ በሆዷ ላይ መዘጋቱን ገና ዳር ላይ ሞክሩ። ወባ በሁለቱም በኩል አለ፣ በእርግዝና ደግሞ ይከፋል፤ አጎበር ያዙ። በሐይቁ ውሃ የሚተላለፈው የትል በሽታ፣ ቢልሃርዚያ፣ ስላለ ዋና ይቅር።

28 ሳምንት ካለፈ ጎርጎራ ይበቃል፦ ደብረ ሲና ማርያምን መሳለም፣ በደንብ የበሰለ ዓሣ መብላት። የክትትል ካርዷ ከቦርሳዋ አይጥፋ።